ሃይለአብ ብቻውን የሄደ ዕለት

ወንድሜ ሃይለአብ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ለሙት ዓመቱ የሚያስፈልገውን ለመግዛት ባለፈው ቅዳሜ ጎዳይፍ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ጎልማሳ ከማዶ ሲመጣ አየሁ። ግራ እግሩን እንደ ሌላው ሰው ወደ ፊት አያነሳውም። ከዳሌው ወደ ውጭ ይወስደውና ግማሽ ክብ አዙሮ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ሚስቱ መሰለችኝ፣ ክንዱን ይዛለች። እሱ መሬቱን ያያል፤ እሷ የሚመጣውን ሰው ታያለች፣ ማን ይገፋው ይሆን እያለች። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደም፤ እኔ ግን አልተሳፈርኩም። ይህን የምጽፈው ያን ሰው ስላየሁ ነው። የተማርኩት እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። በልጅነት ያስተማሩን በአማርኛ ስለነበር ረዘም ያለ ነገር ስጽፍ እጄ ወደዚያ ይሄዳል። ቃል ሲጠፋኝ የእናቴን ቋንቋ አስገባለሁ፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ሃይለአብ አስተናጋጅ ነበር። በዋናው ጎዳና፣ እኛ ኮምቢሽታቶ በምንለው፣ ዘንባባዎቹ ግራና ቀኝ በተሰለፉበት፣ አንድ የቆየ ባር ውስጥ ይሠራ ነበር። ነጭ ኮት፣ ጥቁር ሱሪ፣ ማታ ማታ ራሱ የሚወለውለው ጥቁር ጫማ። የቡና ማሽኑ ጣልያኖች የተዉት ነበር፤ እንፋሎቱን ሲተፋ ከደጅ ይሰማል። ያኔ ገንዘባችን ገና ብር ነበር። ካፑቺኖ የጠጣ ሰው አንድ ብር ከፍሎ መልስ ይቀበላል፤ መልሱን ለሃይለአብ የሚተውለትም ብዙ ነበር። አካሄዱን ብትመለከቱት… እንዴት ልበል። ወንበር ለወንበር በተጠጋበት፣ ሰው እግሩን በዘረጋበት፣ ትሪውን በጣቶቹ ላይ አድርጎ ወገቡን ትንሽ አዞር እያደረገ ያልፋል። ምንም አይነካም። ሲቆም እንኳ የሚሄድ ይመስላል። የሰው አካሄድ ማየትም ይወድ ነበር። ባሩ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ በአካሄዱ ስም ያወጣለታል። «ያ ሰውዬ ጫማውን ተውሶ ነው የሚሄደው፣ እንዳይቆሽሽበት» ይላል። «ጠበቃው ሆዱን አስቀድሞ ይልካል፣ እሱ በኋላ ይደርሳል» ይላል። እኔን ደግሞ፣ «አንተ ዳዊት ሁልጊዜ አውቶቡስ ያመለጠህ ትመስላለህ» ይለኝ ነበር።

ጎዳናው ደግሞ ለዚህ የሚመች ነበር። አመሻሽ ላይ፣ የካቴድራሉ ደወል ከተደወለ በኋላ፣ ከተማው በሙሉ ለሽርሽር ይወጣል። ሸሚዙን የተኮሰ፣ ጸጉሯን ያበጠረች፣ ሽማግሌው ባርኔጣውን አድርጎ። በአንዱ በኩል ይወጣሉ፣ በሌላው በኩል ይወርዳሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። የሚገዛ ነገር የለም፣ የሚደረስበት ቦታም የለም። ወንዱም ሴቱም ክንድ ለክንድ ተያይዞ ነው የሚሄደው። ዛሬም ይህ አልቀረም፤ ግን ያኔ የማላውቀው ፊት አልነበረም፣ ዛሬ የማውቀውን እፈልጋለሁ።

በጦርነቱ የመጨረሻ የጭንቅ ወራት፣ ከተማዋ ተከባ ዱቄት እንኳ ሲጠፋ፣ ሃይለአብ አንድ ጠዋት ባሩ ውስጥ ወደቀ። አርባ ዓመት አልሞላውም። ትሪው ከእጁ አምልጦ ስኒዎቹ ሲሰበሩ፣ ሰዎች መጀመሪያ የገረማቸው እሱ ስኒ መስበሩ ነበር አሉ። ሐኪሙ ደም ብዛት ነው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አለን። ኣደይ፣ እናታችንን እንደዚያ ነበር የምንጠራት፣ ምች ነው አለች። በግራ በኩል እጁም እግሩም አልታዘዝ አለው። ንግግሩ ግን ደህና ነበር፣ ፌዙም። ነጻነት የገባ ዕለት ገጀረት ሰፈር በተከራየነው ቤት አልጋ ላይ ነበር። እልልታውን በመስኮት ሰማ። «ውጣና እይልኝ፣ ስትመለስ ታጋዮቹ እንዴት እንደሚሄዱ ትነግረኛለህ» አለኝ። እኔም ወጥቼ ተመልሼ ነገርኩት፦ ሽዳ፣ ያን የላስቲክ ጫማ፣ አድርገው፣ ጎፈሬያቸው አቧራ ለብሶ፣ ረጅም መንገድ እንደለመደ ሰው ተረጋግተው ነው የሚሄዱት አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።

ከዚያ ቀስ በቀስ መሄድ ጀመረ። በግራው እኔ ክንዱን እይዛለሁ። እግሩ ወደ ውጭ ዞሮ ይመለሳል። «ማጭድ ሆነ፣ እህል ያለበት ብትወስደኝ አጭድልሃለሁ» ይለኝ ነበር። አንድ ነገር ግን አስቸገረው። እየሄደ ማውራት አይችልም። አንድ ነገር ብጠይቀው ይቆማል፣ ይመልስልኛል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ቢሆንም ኮምቢሽታቶ ወሰድኩት። በእኛ ከተማ ሁለት ወንዶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቢሄዱ ማንም አያስተውልም። ለሽርሽር የወጣን እንመስል ነበር፤ ወሬ ይዞን የቆምን እንመስል ነበር። ሕመሙ በዚያ ልማድ ውስጥ ተደበቀልን። እኔ ደግሞ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ያጣሁ ስለነበርኩ ጊዜው ነበረኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ታላቅ ወንድሜን ይዤው ስሄድ ያደግኩ መሰለኝ።

በዚያ ወቅት ሰላምታው ተለውጦ ነበር። ታጋዮቹ ከሜዳ ያመጡት ሰላምታ ነው፤ ቀኝ እጅ ተጨባብጦ፣ ቀኝ ትከሻን በቀኝ ትከሻ ገጭ፣ ገጭ፣ ገጭ። ከተማው በሳምንት ውስጥ ለመደው። ሽማግሌ ከሽማግሌ፣ ተማሪ ከተማሪ፣ የማይተዋወቅ ሰው እንኳ ይገጫጭ ነበር። በየመንገዱ ዐሥር ዓመት የተለያየ ሰው ይገናኛል፣ ያለቅሳል፣ ይገጫጫል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ባሩ አጠገብ ስንደርስ ሰመረ መጣ። ሰመረ የሃይለአብ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ አብረው አድገው እሱ ሊታገል ሜዳ ወጣ፣ ወንድሜ ቀረ። ሰመረ ሞተ ሲባል ሰምተን ነበር። ከሩቅ ነው ያየን።

«ሃይለአብ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አለህ?» አለ።

ወንድሜ መልስ ሊሰጥ ቆመ። ያን ጊዜ እኔም እንባ መጥቶብኝ ክንዴ ላላ መሰለኝ። ሰመረ ደርሶ በሙሉ ጉልበቱ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጉልበት፣ ትከሻውን በትከሻው መታው። ከቀኝ የተመታ ሰው ክብደቱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ የሃይለአብ ግራ ደግሞ የለም። እንደ ቆመ እንጨት ወደቀ። አጥንቱ አልተሰበረም። ግን በዚያ የምታልፍ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፣ «ገና ሳይመሽ እንዲህ ከጠጣ» ስትል ሁላችንም ሰማን። እዚያው፣ በነጭ ኮት ባገለገለበት ደጃፍ። ሰመረ ተንበርክኮ «ምን አደረግኩ» ሲል ሃይለአብ ከመሬት ቀና ብሎ አየውና፣ «ሰላም አልከኝ፣ ሌላ ምን አደረግክ» አለው።

ከዚያ ቀን በኋላ የፈራው እግሩን አይደለም፣ ሰውን ነው። ስንወጣ ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዳል። የሱቅ በር ሲመጣ ግድግዳው ስለሚቋረጥ እዚያ ይቆማል፤ ወንዝ ዳር እንደደረሰ ሰው ማዶውን ያያል። የሚስቁ ወጣቶች ከሩቅ ሲመጡ ላብ ያጠምቀዋል። ከበሮ የሰማንበትን መንገድ ትተን በሌላው እንዞራለን። ከሙዚቃ ቤቶቹ ሁሉ ዘፈን በሚወጣበት፣ ሰው በየማዕዘኑ በሚጨፍርበት በዚያ ጊዜ፣ እኔና እሱ ደስ ያለው ሰው እንዳያገኘን ስንሸሽ ነበር። በኋላም ጭራሽ መውጣት ተወ። ኣደይ ይህ ተስማማት። ምሳውን አልጋው ድረስ ታመጣለታለች፣ ሽንት ቤት ሲሄድ ከኋላው ትከተላለች። እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ነበር። ባሩ ድረስ ብቻውን ሄዶ፣ መንገድ ላይ ሰላም እየተባለ እንደ ማንኛውም ሰው ገብቶ መቀመጥና አንድ ካፑቺኖ ማዘዝ። «አንድ ጊዜ እንኳ እኔን ያስተናግዱኝ» ይላል። ይህን ሲል አይቀልድም ነበር።

ሰመረ አልተወውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲስተር ለተብርሃንን ይዞ መጣ። ሜዳ ላይ የቆሰሉትን መራመድ ታስተምር የነበረች ናት፤ ቀጭን፣ ሽዳ ያደረገች፣ ብዙ የማትናገር። ሃይለአብን ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እንዲሄድ አድርጋ አየችው። ከዚያ ወደ እናታችን ዞረች።

«ኣደ፣ ፍራሽ ካለ ያውጡልኝ።»

«ደክሞሽ ነው ልጄ? ውስጥ አልጋ አለ፣ ግቢና ጋደም በይ።»

«ለኔ አይደለም። ልጅዎ ይወድቅበታል።»

ኣደይ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «አንድ ጊዜ የወደቀው አይበቃም?»

«አንድ ጊዜ ስለወደቀ ነው እንዲህ የሆነው። ብዙ ጊዜ ይውደቅ።»

ፍራሹን ሰመረ አወጣው። ሲስተር መጀመሪያ መውደቅን አስተማረችው፤ ጉልበት አጥፎ፣ ወደ ጎን፣ እጅን ሳይዘረጉ። ከዚያ በደህናው እጅና ጉልበት መነሳትን። መጀመሪያ ቀን ሲወድቅ ኣደይ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች። ጎረቤቶች በአጥር ላይ ያዩ ነበር። አንዷ፣ «ሰው የታመመ ሰው ይገፋል እንዴ?» ስትል ሃይለአብ ፍራሹ ላይ እንደተጋደመ፣ «ተራ ያዢ፣ አንቺም ትገፊኛለሽ» አላት። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

መውደቁን ሲለምድ ሲስተር፣ «ምንድን ነው ያወደቀህ?» አለችው።

«ሰመረ።»

«ሰመረን አይደለም የምትፈራው። ሰላምታውን ነው። እሱን እንለማመዳለን።»

እንዲህ አደረጉ። ሰመረ ከግቢው በር እንደ መንገደኛ ይመጣል፣ «ሃይለአብ፣ ከመይ ውዒልካ፣ እንዴት ዋልክ» ይለዋል። ሃይለአብ ይቆማል፣ እግሩን ከፈት ያደርጋል፣ ክብደቱን ቀኝ እግሩ ላይ ያሳርፋል፣ ጉልበቱን ላላ ያደርጋል። መጀመሪያ ሰመረ በአንድ ጣት ነው ትከሻውን የሚነካው። ከዚያ በመዳፉ። ከዚያ በትከሻው፣ ቀስ ብሎ። «አትጠብቀው፣ ትከሻህን አንተ ቀድመህ ስጠው» ትለዋለች ሲስተር። ሰመረ በየቀኑ ሌላ ሰው እየሆነ ይመጣል። አንድ ቀን ሰካራም፣ አንድ ቀን ቄስ፣ አንድ ቀን ከሱዳን የተመለሰ አጎት። ወንድሜ ፍራሹ ላይ ስንቴ እንደወደቀ እንጃ። ክረምቱ ሲወጣ ግን ሰመረ በሙሉ ጉልበቱ ሦስት ጊዜ ገጭቶት ሃይለአብ ቆሞ ቀረ። እግሩ ተንቀጠቀጠ፣ ፊቱ ተለወጠ፣ ግን ቆሞ ቀረ። ሲስተር አላጨበጨበችም። «ፍራሹን ያስገቡት» አለች ለእናታችን። ኣደይም ሻሂ አፍልታ አመጣች።

ሃይለአብ ብቻውን የሚሄድበትን ቀን ቆረጠ። ሰመረ በዚያ ሳምንት ወደ ምጽዋ ተልኮ ስለነበር እስኪመለስ ጠብቅ ብዬው ነበር፤ ሃይለአብ ግን አልጠብቅም አለ። ኣደይ ከብት ልትሸጥ እንደምትሄድ ሴት በጠዋት ወጥታ እስከ ቀትር ሳትመለስ ቀረች። ተመልሳ ጃኬቱን ተኮሰችለት። አልተከራከረችም። ይህ ዝምታዋ ሊያጠራጥረን ይገባ ነበር፤ እኛ ግን ለመደችው አልን። አመሻሽ ላይ እስከ ካቴድራሉ ድረስ በታክሲ ሄድን። ከዚያ ወዲያ ብቻውን ነው።

«አንተ ከማዶ ሂድ» አለኝ። «ብወድቅም እንዳትመጣ።»

«እሺ።»

«እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት፣ አይታመኑም እነዚያ እጆች።»

ከተትኩ። እሱም ጀመረ። ማጭዱ ወጣ፣ ተመለሰ፤ ወጣ፣ ተመለሰ። ከግድግዳው ርቆ፣ በእግረኛው መንገድ መሐል ነው የሚሄደው። ጎዳናው ሞልቶ ነበር። መጀመሪያ ያገኘው ጫማ ሰፊው ነው፣ የድሮ ደንበኛው። ከሩቅ ሲያየው ሁለት እጁን ዘረጋ። ሃይለአብ ቆመ። እግሩን ሲከፍት፣ ክብደቱን ወደ ቀኝ ሲያሳርፍ፣ ትከሻውን ቀድሞ ሲሰጥ ከማዶ አየሁት። ጫማ ሰፊው ግን ሊደርስ ሲል አንድ ነገር እንደታወሰው ሰው እጁን ሰበሰበ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «እንኳን ለዚህ አበቃህ» አለውና ዞሮለት አለፈ። የሃይለአብ ትከሻ ወደ ፊት እንደወጣ ቀረ። ቀስ ብሎ መለሰው።

ከዚያ ባለ መድኃኒት ቤቱ፤ እሱም እጁን ደረቱ ላይ። ከዚያ የድሮ መምህራችን፤ ባርኔጣቸውን አነሱ፣ ከሩቅ። ወጣት ታጋዮች እየተሳሳቁ ሲመጡ አንዱ ለጓደኞቹ በጆሯቸው አንድ ነገር አላቸው። ሳቃቸውን አቁመው ከእግረኛው መንገድ ወርደው አስፋልቱ ላይ ቆሙለት። እናቶች ልጆቻቸውን በእጃቸው ሳቡ። ሰው ሁሉ በፊቱ እየተከፈለ መንገድ ይሰጠዋል። ይስቁለታል፣ ይመርቁታል፣ ከሩቅ። እሱ በየጊዜው ይቆማል፣ እግሩን ይከፍታል፣ ይጠብቃል፣ ማንም አይደርስም። በስተመጨረሻ መቆሙንም ተወ። ሳይወድቅ ደረሰ። የባሩ ባለቤት ኣቦይ ተስፋይ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተው፣ ትራስ አድርገውበት ይጠብቁት ነበር። እኔ መንገዱን ተሻግሬ ከኋላው ስደርስ እንዲህ ሲሉት ሰማሁ።

«አትስጋ ልጄ። እናትህ ነግራናለች፣ ማንም አይነካህም።»

«የቐንየለይ» አላቸው። አመሰግናለሁ ማለቱ ነው።

ያን ጠዋት ኣደይ ጎዳናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዳበታለች። ሱቅ ለሱቅ፣ ባር ለባር፣ የታክሲ ነጂዎቹን ሳይቀር፣ «ልጄ ዛሬ ማታ ብቻውን ይመጣል፤ ስለ ማርያም ብላችሁ እንዳትነኩት» ብላ ለምናለች። ማንን ልቆጣ? አንዲት እናት ለመነች፣ አንድ ከተማ ሙሉ ቃሏን ጠበቀላት። ይህን ያህል የተወደደ ሰው አላውቅም። ቆይቼ፣ ለሰዎቹ ለምን አትነግራቸውም ብዬ ሃይለአብን ብጠይቀው፣ «እያንዳንዱን አስቁሜ እባክህ ግፋኝ ልበል?» አለኝ። ነገሩ እንደዚያው ቀረ። ያኔ ልጅ የነበሩት ከወላጆቻቸው አይተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ማድረግ ለመዱ፤ ምክንያቱን ሳያውቁ አደጉበት። ሰመረ በመጣ ቁጥር ይገጨው ነበር፤ እሱም ከቦታ ቦታ ሲላክ ቆይቶ መምጣቱ ቀረ። እኔ? በአንድ ቤት የሚያድሩ ወንድማማቾች በትከሻ ሰላም አይባባሉም። «ደህና አደርክ» ነው፣ አለቀ። አሁን ነው ይህ የሚቆረቁረኝ። አንድ ቀን ከበር ገብቼ እንደ ሩቅ አገር ሰው ብገጨው ምን ነበረበት?

ያን ምሽት ካፑቺኖውን አዲሱ አስተናጋጅ በነጭ ኮት አመጣለት። ሃይለአብ የልጁን አካሄድ አየ፣ ምንም ስም አላወጣለትም። ግማሹን ጠጣ። መብራቶቹ ሲበሩ ተነሳና በዓይኑ ጠራኝ።

«ክንድህን ስጠኝ» አለ።

«ደከመህ?»

«ኣይፋል፣ አልደከመኝም።»

«እግርህ እምቢ አለ?»

«እግሬ ደህና ነው።»

«ታዲያ እስከ ታክሲው ብቻህን አትሄድም?»

አየኝ። «ዛሬ አንድም ሰው አልነካኝም፣ ዳዊት» አለ።

ክንዴን ሰጠሁት። ሽርሽሩ መሐል ገብተን ከሰው ጋር ወደ ላይ ወጣን። በፊት ሲይዘኝ ትከሻዬ እስኪጎብጥ ይከብደኝ ነበር። ያን ምሽት ግን ክንዴ ላይ ምንም ክብደት አልነበረም። አልተደገፈብኝም። ይዞኝ ብቻ ነበር።